«ዜሮ ዓመት» የሚቀጥር ማን ነው?

ከለቡ ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ግማሽ ጎኑ ተለስኖ ግማሹ ገና ብሎኬቱ የሚታይ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። አንዳንዱ የግንበኛ ማንኪያውንና ቱንቢውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል፤ አንዳንዱ ባዶ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል። ካቦው ከውስጥ ይወጣና በሰልፉ ፊት እየተራመደ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «አንተ ምን ትችላለህ?»

«ልስን።» «ፌሮ አስራለሁ።» «ሴራሚክ።» መልሱ አጭር ነው፤ ሰውየውም ነገር አያስረዝምም፣ በአገጩ ወደ ውስጥ ይጠቁማል። «ያገኘሁትን እሠራለሁ» ያለ አካፋ ይሰጠዋል፤ የቀን ክፍያው ከሁሉም ያነሰውም እሱ ነው። ከሰልፉ ጫፍ የቆመ፣ ጫማው ከሌሎቹ የጸዳ ልጅ ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲቪል ምህንድስና ጨርሻለሁ» አለ። ማንም አልሳቀም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ዕድሜውን በሕንጻ ሥራ ያሳለፈው ካቦ ልጁን አየት አደረገውና ያንኑ ጥያቄ ደገመለት፤ «ጎሽ። ምን ትችላለህ?»

ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ስለሚያነጥፍ ወጣት ማውራት ከጀመርን ቆየን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሻይ ቤት ቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልድነቱ ቀርቷል። «ትምህርት ቤት ለሥራ አያዘጋጅም» የሚለውን ወላጁም፣ ተማሪውም፣ ሚኒስትሩም ይለዋል። ሁሉም የተስማማበት ነገር ግን ሁልጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ጥያቄውን ወደ ለቡ ይዞ መምጣት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ የእርሻ መሬት የነበረው ይህ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጥግ ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ ሪል ስቴት፣ የብረታ ብረት ቤትና ጋራዥ ሞልቶታል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳበት ጣቢያም እዚሁ አፍንጫው ሥር ነው። ሥራ አለ። የተማረ ሰውም አለ። ሁለቱ የማይገናኙት የት ላይ ነው?

ሰልፍ ማሳጠሪያ

ሥራ ፈላጊው ጠዋት ከቁርስ በፊት የሚከፍተው የቴሌግራም ቻናል ነው። ድሮ የጋዜጣ ማስታወቂያ በአራት ኪሎና በፒያሳ አጥር ላይ ተለጥፎ ይነበብ ነበር፤ አሁን ስልኩ ውስጥ ገብቷል። የሚፈለገው ግን አልተለወጠም፦ «ዜሮ ዓመት»። የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ማለት ነው። በለቡ አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስት ሆነው ተከራይተው የሚኖሩ ምሩቃን፣ ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲያገኝ ለሌሎቹ ማሳየት አለማሳየቱን እንደሚያስብበት እየሳቁ ነገሩኝ። ሳቁ ትንሽ ይከብዳል።

በአንድ ተቋራጭ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ሴት ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ታየዋለች። «ዜሮ ዓመት ብለን ካወጣን ለአንድ ቦታ የሚመጣውን ሲቪ አንብበን አንጨርሰውም። ሁለት ዓመት ብለን የምንጽፈው ሥራው ሁለት ዓመት ስለሚጠይቅ አይደለም፤ ሰልፉን ለማሳጠር ነው» ትላለች። ቀጥላም ብዙ አሠሪዎች በአደባባይ የማይናገሩትን ጨመረች። «አዲስ ልጅ ስድስት ወር አስተምሬ፣ ስህተቱን ታግሼ፣ ልክ ሲበስል ጎረቤት ያለው ድርጅት ትንሽ ብር ጨምሮ ይወስድብኛል። ታዲያ እኔ ለጎረቤት ልጅ አሳዳጊ ነኝ?»

«ሁለት ዓመት ብለን የምንጽፈው ሥራው ሁለት ዓመት ስለሚጠይቅ አይደለም፤ ሰልፉን ለማሳጠር ነው»

ይህን አባባል ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ድርጅት የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ አሠልጣኙ ግን ሌላ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል። ያ ሌላ ሰው ትምህርት ቤት ነው ይባላል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሲፈጠር ለዚህ አልተፈጠረም።

ከአንድ ግቢ የወጡ ሁለት ትእዛዞች

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት መንግሥት የሚፈልገው የታወቀ ነበር፦ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍ፣ የሚያስተረጉም፣ በአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ የትምህርቱ ዋናም ቋንቋ ነበር። በዚያው ሰሞን ከዚያው ቤተ መንግሥት ሌላ ቃል ወጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ትእዛዞች ከአንድ ግቢ ቢወጡም ዕድላቸው ለየቅል ሆነ። ትምህርት ቤቱን ሰው ሰማ፤ አዋጁን ግን ያን ያህል የሰማ ያለ አይመስልም። ዛሬም ልጇ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠችባት አንዲት የለቡ እናት፣ ልጅቱ የቧንቧ ሥራ ብትማርስ ብዬ ስጠይቃት ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደችው።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የነበረው ስለ ሥራ ከዚህ የተሻለ ያስብ ነበር ቢባል የሚገረም ይኖራል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለእርሻም ለንግድም አላዘጋጀም፤ ለራሱ ሥራ ግን በደንብ ያዘጋጅ ነበር። ዲያቆኑ ገና እየተማረ ይቀድሳል። ዜማውን ቀድሞ የያዘው ተማሪ ከየኔታ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ መሪጌታ ለመሆን አንድ ቀን የሚፈተነው ፈተና ሳይሆን ለዓመታት በሰው ፊት ሲያደርገው የኖረው ነገር ይቆጠርለታል። ተምሮ ጨርሶ ሥራ «ይጀምራል» የሚባል ነገር አልነበረም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት ጉድለቱን አይቷል። በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ብዙ ሰው ተግባረ ዕድ እያለ የሚያውቀው፣ ተከፈተ፤ በዓመቱ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሥራ ጀመረ። የዚያ ዘመን ምሩቃን አሁን ጡረታ ላይ ሆነው «እኛ ሳንመረቅ ነበር ባንኩም ቢሮውም የሚጠብቀን» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ያ የሆነው ትምህርታቸው ከዛሬው ይልቅ ለሥራ ስላዘጋጃቸው ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይቸግራል። ምሩቁ ጥቂት ነበር፤ መንግሥት ደግሞ አዳዲስ መሥሪያ ቤቶች እየከፈተ ሰው አጥቶ ይቸገር ነበር። የጎደለውን ሥራው ላይ ሆነው ተማሩት፤ ሊያስተምራቸው ግድ የሆነበት አሠሪ ነበራቸውና።

ሴክተር ሪቪው ለምን ተጠላ

ትምህርትን ከሥራ ጋር ለማስታረቅ ከተሞከሩት ሁሉ የሴክተር ሪቪውን ያህል የተወራለት የለም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ጥናት አብዛኛው ልጅ ለገጠር ኑሮና ለተግባር የሚጠቅመውን አጭር መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ እንዲወጣ፣ ወደ ላይ የሚያልፈውም በቁጥር እንዲወሰን ይመክር ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ የሚያስከፋ አይመስልም፤ እንዲያውም ዛሬ በየስብሰባው «ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ መግባት የለበትም» እየተባለ የሚጨበጨብለት ሐሳብ ያው ነው።

መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወላጆቹ ግን በሌላ መነጽር አነበቡት። የሹሙ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የገበሬው ልጅ ሞፈርና ቀንበር ስለመጠገን ተምሮ ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ይመለሳል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ባለ ታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ሰሞን ተነሡ፤ ነገሩ ወዴት እንዳመራ ሁሉም ያውቃል። ጥናቱ ታጠፈ። ወላጆቹ ደደብ አልነበሩም። ትምህርት ቤት የሚልኩት ልጁ ሥራ እንዲማር ሳይሆን ከአንድ ዓይነት ሥራ ወደ ሌላ፣ ከጭቃ ወደ ወንበር፣ እንዲያመልጥ ነበር። ይህን መንገድ የሚያጠብ ሰው ሁሉ ጠላታቸው ነው።

ደርግ በበኩሉ ትምህርት ለምርት፣ ለምርምርና ለፖለቲካ ንቃት ነው ብሎ ተነሣ። በዚያ ጊዜ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር የትምህርት ቤቱን የአትክልት ቦታ፣ የእንጨት ሥራ ክፍሉንና የቤት ሙያ ትምህርቱን ይዘረዝራሉ። «ሞርሳው ነበረ፣ መጋዙ ነበረ። እንጨቱ ነው ያልነበረው» ብለው ይስቃሉ። «በእንጨት ሥራ ሰዓት የእንጨት ሥራን ትርጉም ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፍ ነበር።»

የወደቀ የሚሄድበት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሌላ መንገድ መረጠ። አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና፤ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። አሥር ሲደመር አንድ፣ አሥር ሲደመር ሁለት፣ አሥር ሲደመር ሦስት ይባል የነበረው ማለት ነው። ኮሌጆች ተከፈቱ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከጣት ቁጥር ተነሥተው ከአርባ በላይ ሆኑ። በቁጥር ካየነው ከዚህ በፊት ያልነበረ በር ተከፍቷል። አከፋፈሉ ግን አንድ ነገር በሕዝቡ ጭንቅላት ውስጥ ተከለ፦ ሙያ የወደቀ የሚሄድበት ነው። የአሥረኛ ክፍሉ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል፤ የተከለው ሐሳብ ግን አብሮ አልቀረም።

አንድ በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚያሠለጥን ወጣት የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፈው ሽቦ በማስተማር ሳይሆን ልጆቹን በማጽናናት እንደሆነ አጫወተኝ። «ዓመቱ ሲገባ ክፍሉ የለቅሶ ቤት ይመስላል» አለ። ከሠልጣኞቹ መካከል ከወጡ በኋላ በለቡና በጀሞ አዳዲስ ሕንጻዎች ገመድ እየዘረጉ ከእሱ የመንግሥት ደመወዝ የሚበልጥ የሚያገኙ አሉ። ግን እነሱም በቤተሰብ መሐል ሲቀመጡ «ዲግሪህን መቼ ልትጀምር ነው?» ይባላሉ።

«ሞርሳው ነበረ፣ መጋዙ ነበረ። እንጨቱ ነው ያልነበረው»

መንግሥት ለእያንዳንዱ ችግር የሚሰጠው መልስ ፈተና ነው። ለቴክኒኩ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና መጣ። በ2015 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገልጹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን ተናግረው አገር ደንግጦ ነበር። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ መኮራረጅ በማይቻልበት ሁኔታ የተሰጠ የመጀመሪያው ነበርና ድንጋጤው ሁለት ዓይነት ነው፦ ልጆቹ አለማወቃቸውና ይህን ያህል ጊዜ አለማወቃቸውን አለማወቃችን።

እዚህ ላይ በለቡ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ቁጣው ተገቢ ነው። «ሁሉም ሰው መጥቶ ትምህርት ቤት ንግድ ያስተምር፣ የትራፊክ ሕግ ያስተምር፣ ሥነ ልቡና ያስተምር ይለናል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መልእክቱን መናገር የማይችል ልጅ ይዤአለሁ። መጀመሪያ እሱን ልጨርስ!» ይላል። ልክ ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ የሴራሚክ ማጣበቂያው ከረጢት ላይ የተጻፈውን መመሪያም አያነብም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያደገ ሙያም ግድግዳ የሚገጥመው በዚህ በኩል ነው። በሰፈሩ ስሙ የሚነሣ አንድ የሴራሚክ ባለሙያ አለ፤ ወለሉ ላይ ውኃ ብታፈስ ወዴት እንደሚሄድ ሳያፈስ ይነግርሃል። ፕሮፎርማ መጻፍ ግን አይሆንለትም። ጨረታ ሰነድ ሲመጣ የእህቱን ልጅ ይጠራል። ትልቅ ሥራ ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ደግሞ የመሐንዲስ ወረቀት ይፈልጋል። እሱ የለውም። አንድ አነስተኛ ተቋራጭ በዚህ ላይ የነገረኝ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን ነው፦ ወረቀቱ ያለው ምሩቅ ስሙን ለፈቃድ ማሟያ ያስመዘግባል፣ በዓመት ጥቂት ብር ይቀበላል፣ ሳይቱን ግን አያየውም። ዲግሪው ተቀጥሮ ልጁ ሥራ ፈላጊ የሚሆንበት አገር ላይ ደርሰናል።

ባቡሩን ማን ይነዳዋል?

አሁን ወደ ጣቢያው እንሂድ። የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ከአካባቢው ቤቶች ጋር ዝምድና የሌለው ሰፊ ሕንጻ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲመረቅ ለቡ ለአንድ ቀን የአገር መሐል ሆና ነበር። መደበኛ አገልግሎቱ በታኅሣሥ 2010 ተጀመረ። መስመሩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋን አልፎ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል።

ባቡሩ ሲጀምር ከፊት የተቀመጡት ቻይናውያን ነበሩ። የገነቡት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት እንዲያስተዳድሩት ውል ነበራቸው፤ እያሠሩ ሙያውን ማስረከብም የዚያ ስምምነት አካል ነበር። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ቻይና ተልከው ሠለጠኑ፤ ሲመለሱም በረዳትነት ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስ መቀመጫው ተቀየረ። አስተዳደሩ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። በጊዜው ብዙ ሰው የተከራከረው ስለ ብድሩ ነበር፤ ስለ መቀመጫው መቀየር ያወራ ጥቂት ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ያ ነው።

በመስመሩ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ስለ ሥልጠናው ሲያወራ ትምህርቱን አያጣጥልም። «ዩኒቨርሲቲ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ተምሬአለሁ። ሙሉ ኮንቴይነር የጫነ ባቡር መቼ መያዝ እንደሚጀመር ግን ያሳየኝ አጠገቤ የተቀመጠው ቻይናዊ ነው፤ ያውም ቋንቋ ስለማንግባባ በምልክት። ፊዚክሱ ባይኖረኝ ምልክቱ አይገባኝም ነበር፤ ሰውየው ባይኖር ፊዚክሱ ብቻውን ባቡር አያቆምም ነበር።» የጫነ ባቡር ፍሬን ተይዞለትም ብዙ መቶ ሜትር ይጓዛል። በአፋርና በሶማሌ ሜዳ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይወጣል፤ እንስሳ ሲገጭ ከባለቤቱ ጋር ስለ ካሳ የሚነሣው ክርክር ለመስመሩ ሠራተኞች የሥራው አንድ ክፍል ሆኗል። ይህን የሚያስተምር ሲላበስ የለም። ለዓመታት አጠገብ ተቀምጦ ማየት ነው።

«ሰውየው ባይኖር ፊዚክሱ ብቻውን ባቡር አያቆምም ነበር»

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ፈረንሳዮች የሠሩት የድሮው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሎኮሞቲቭ የሚጠግን ሐበሻ ከየትኛውም ትምህርት ቤት አልወጣም ነበር። የወጣው ከድሬዳዋ ወርክሾፕ ነው። የምድር ባቡር ቤተሰቦች አባት ልጁን ይዞ እንደሚገባ፣ ልጁ መጀመሪያ መሣሪያ እያቀበለ፣ ቀጥሎ ቶርኖ ላይ እየቆመ፣ ፈረንሳይኛውንም ዘይቱንም አንድ ላይ እየተለማመደ እንደሚያድግ እስከ ዛሬ ያወራሉ። መሳሳት የሚፈቀድበት፣ ሲሳሳትም የሚያርም ሰው ያለበት ቦታ ነበር።

አየር መንገዱ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስረጂ ነው። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተገባው ውል አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ከመጀመሪያው የታሰበበት ነበር፤ ማሠልጠኛውም የተሠራው አየር መንገዱ ግቢ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በአዛዥነት አበረሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ማንም ግን «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ኢትዮጵያዊ አብራሪ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ቁጭ አላለም።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ከትምህርት ቤቱ በተጨማሪ ሥራ ቤቱ ማስተማርን ሥራዬ ብሎ ያዘ፤ መያዝም ግዴታው ሆነ። «ትምህርት ቤት ለሥራ ያዘጋጃል ወይ?» ብለን ስንጨቃጨቅ ሌላኛው ወገን፣ «ሥራ ቤቱ የተማረውን ለመቀበል ተዘጋጅቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ ሳይነሣ ያልፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ስንፍናው የበዛው በዚያ በኩል ነው። ትምህርት ቤቱን በየአሥር ዓመቱ አፍርሰን እንሠራለን፤ ሥርዓቱ ሲቀየር፣ ፊደሉ ሲቀየር፣ የክፍሉ ቁጥር ሲቀየር አይተናል። አሠሪው ላይ ግን አንድም ቀን የመውጫ ፈተና አልተቀመጠም።

ኪራይ፣ ውል፣ ዐረብ አገር

ትምህርት ቤት ያዘጋጃል የሚባለው ለሥራ ብቻ አይደለም። ሰው ሆኖ መኖርም አለ። ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ለቡ ቤት ስትከራይ ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ አስከፍሏቸዋል፤ ውሉ በቃል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ያወቀችው አከራዩ በአምስተኛው ወር ጭማሪ ሲጠይቅ ነው። «ሲቪክስ ኤ ነበረኝ» ትላለች። «ሕገ መንግሥቱን በአንቀጽ እጠራልሃለሁ።»

ዕቁብ እንዴት እንደሚጣል፣ ዋስ መሆን ምን እንደሚያስከትል፣ ግብር ሳይከፍሉ መክረም ምን ቅጣት እንዳለው የሚማረው ከእናት፣ ከጎረቤት ወይም ከኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ግን ሁሉን በትምህርት ቤት ማሳበብ አይገባም፤ ዕድርና ዕቁብ በክፍል ውስጥ ቢገቡ በሁለተኛው ዓመት የዕድርን አምስት ጥቅሞች ዘርዝሩ የሚል ጥያቄ ሆነው ይወጣሉ።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። በአገራችን ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ ሕፃን መያዝ የብቃት ማረጋገጫ በሕግ ተጠይቆበት ያውቃል፤ ግን ለአገር ውስጥ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችና በሙያው ተመዝና ያለፈች እንድትሆን ደንግጎ ነበር። ያቺው ልጅ ለቡ ሪል ስቴት ውስጥ ስትቀጠር ግን የሚጠየቀው ተያዥ ነው። ስለ ሙያ ያለንን ክብር ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም፦ ለወጪ ንግድ ሲሆን ምስክር ወረቀት፣ ለቤት ሲሆን ዋስ።

ኤሌክትሮዱን ማን ይችላል?

በወረቀት ደረጃ መፍትሔው ከተጻፈ ቆይቷል። ቴክኒክና ሙያው የትብብር ሥልጠና የሚባል አሠራር አለው፤ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን፣ ሰባ በመቶውን፣ በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ስለ ሙያ ልምምድ ውል የተጻፈ አለ። በተግባር ግን አሠልጣኙ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ በር በር ይዞራል። ድርጅቶቹ ደብዳቤውን ተቀብለው ልጆቹን ፎቶ ኮፒ ያስነሷቸዋል፣ ሻይ ያስመላልሷቸዋል፤ በመጨረሻ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ተሞልቶ ይመለሳል።

ለቡ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ አንድ የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ደብዳቤውን አልቀበልም ካሉት አንዱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእጁ ወጥተው የራሳቸውን ቤት የከፈቱ ልጆች አሉት። ደብዳቤውን ይዞ የሄደ አንድ አሠልጣኝ ሲለምነው ላሜራውን እየቆረጠ ሒሳቡን ነገረው። «ደብዳቤህ ሦስት ወር ይላል። በሦስት ወር ብየዳ አይለመድም፤ ልጁ ዓይኑን ማዳን ሳይማር ያልቃል። ዓመት ስጠኝ። ምሳውን እኔ እችላለሁ። ሲለማመድ የሚያባክነውን ኤሌክትሮድ፣ የሚያበላሸውን ላሜራ ማን ይችላል? እጁ ቢቆረጥስ ተጠያቂው ኮሌጁ ነው እኔ?»

አሠልጣኙ ለተጠያቂነቱ መልስ አልነበረውም። የኤሌክትሮዱን ግን ያውቀዋል፤ ኮሌጁ ለፍጆታ ዕቃ በጀት አለው፣ ዓመቱ ሳያልቅም ያልቃል፤ ዕቃው ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ በግለሰብ ቤት እንዲበየድ የሚፈቅድ መመሪያ ግን የለም። «የግዢ ክፍሉን ልጠይቅ» አለ። ሰውየው «ጠይቅ» አለው፤ «እሺ ካሉ ሰኞ ሁለት ልጅ አምጣ። ሦስተኛ ግን ማሽን የለኝም።»